ስለ ዝቅተኛ ሞገድ መቀበያ አንቴና፤ ጠባብ ግቢ ላላቸው የመቱና የኢሉባቦር አድማጮች

ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከበደሌና ከያዮ የመጡ ጓደኞቻችን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የራዲዮ አማተሮች በ160 እና በ80 ሜትር ሞገድ የሚነጋገሩትን በቤታችን ሆነን ለመስማት እንፈልጋለን፤ ነገር ግን ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ምን ዐይነት አንቴና እንትከል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የቻልከውን ያህል ረጅም ሽቦ ዘርጋ» የሚል ነው። መልሱ ለሚያሠራጭ ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለአድማጭ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነው። እኛ የምንለው የመቀበያ አንቴና የሚመረጠው በሚሰበስበው ድምፅ ብዛት ሳይሆን በሚከለክለው ጫጫታ መጠን ነው። ይህ አነጋገር በኢሉባቦር ሰማይ ሥርና በከተሞቿ ግቢ ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ቃል እንጨምር። የራዲዮ አማተር የሚባለው ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲል፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ በተመደበለት ሞገድ ከሌላ አገር ሰው ጋር የሚነጋገር ነው። በአገራችን የታወቀው የአማተሮች ጣቢያ በአምስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ዘንድ የተቋቋመው ሲሆን በዓለም የሚጠራበትም ስም ኢ-ቲ-3-ኤ-ኤ ነው። ከዚያ ቀደም አሜሪካኖች ከ1935 እስከ 1969 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ይዘውት በነበረው በቃኘው ጣቢያ ኢ-ቲ-3-ዩ-ኤስ-ኤ የሚባል የአማተሮች ክበብ ነበረ። የቃኘው ሰዎች ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለው አምባ ላይ ሰፊ የአንቴና ሜዳ ስለ ነበራቸው መሬት አልቸገራቸውም። የእኛ ጥያቄ የሚነሣው ግን ከጎረቤት ጋር በአንድ አጥር በምንኖርበት ቤት ነው።

ዝቅተኛ ሞገድ ስንል በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን የአማተር መደቦች ማለታችን ነው። የ160 ሜትሩ ከ1.8 እስከ 2 ሜጋኸርዝ፣ የ80 ሜትሩ ደግሞ ከ3.5 እስከ 3.8 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ከእነርሱ በታች ተራው ሕዝብ ዜና የሚያዳምጥበት መካከለኛ ሞገድ አለ። እነዚህ ሞገዶች በቀን ሩቅ አይሄዱም፤ ምክንያቱም ፀሐይ በላይኛው አየር ላይ የምትፈጥረው የታችኛው ንብር ይውጣቸዋልና። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብር ይሳሳል፤ ሞገዱም ወደ ላይኛው ንብር ደርሶ እየተንጸባረቀ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ያቋርጣል። ስለዚህ የዝቅተኛ ሞገድ አድማጭ የሌሊት ሰው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጠኑ ነው። አንድ ሞገድ 160 ሜትር ከሆነ ግማሹ 80 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙ አያንስም። በመቱ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ሽቦ ቀጥ አድርጎ የሚያዘረጋ ግቢ ያለው ማን ነው? ይሁን እንጂ ይህ ችግር በእውነት የሚያስጨንቀው የሚያሠራጨውን ነው። አሠራጩ አንቴናው ትንሽ ከሆነ ኃይሉ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክንበታል። አድማጩ ግን የሚያባክነው ኃይል የለውም። በዝቅተኛ ሞገድ ላይ ከሰማይና ከመንደር የሚመጣው ጫጫታ ከመቀበያው ከራሱ ጫጫታ እጅግ ይበልጣል። አንቴናው ትንሽ ሲሆን የምንፈልገው ድምፅም ጫጫታውም እኩል ይቀንሳሉ፤ የቀነሰውንም መቀበያው ያጎላዋል። አንቴናው ትልቅ ሲሆን ሁለቱም እኩል ይጨምራሉ። ትርፉ ምንድን ነው? በወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ ጓደኛውን ለመስማት የሚፈልግ ሰው ጆሮው ቢሰፋለት ወፍጮውንም አብልጦ ይሰማል። የሚበጀው ከወፍጮው ፊቱን ማዞር ነው።

እንግዲህ አንቴና ከመምረጣችን በፊት ወፍጮው የት እንዳለ ማወቅ አለብን። በእኛ አገር ወፍጮው ሁለት ነው።

አንደኛው የሰማይ ነው። ኢሉባቦር ከአገራችን ዝናብ የሚበዛባቸው ክፍሎች አንዷ ናት፤ በጎሬ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ክረምት ላይ መብረቁ ከራሳችን በላይ ስለሚሆን ማንም አንቴና ብዙ አይረዳም። ነገር ግን ክረምቱ ካለፈም በኋላ ሌላ መብረቅ ይቀራል። በዓለም ላይ መብረቅ አብዝተው ከሚወድቅባቸው አገሮች ዋነኛው የኮንጎ ተፋሰስ ነው፤ እርሱም ከመቱ ሲታይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ይገኛል። በዚያ የሚነሣው ነጎድጓድ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ወደ ማታ ይበረታል። የእያንዳንዱ መብረቅ ብልጭታ በሞገድ ተጉዞ እኛ ዘንድ እንደ ጭረትና እንደ ፍንዳታ ሆኖ ይሰማል። ሰማያችን ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ራዲዮው የሚንጫጫበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ወፍጮ የመንደር ነው። የስልክ ቻርጀር፣ ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ. አምፑል፣ የቴሌቪዥንና የዲሽ መቀበያ፣ የሶላር ኢንቨርተር፣ እነዚህ ሁሉ በውስጣቸው ኤሌክትሪክን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚቆራርጥ ዕቃ ስላላቸው ዝቅተኛውን ሞገድ ያውካሉ። በዝናብ የራሰና የተሰነጠቀ የምሰሶ ሲኒም የራሱን ጩኸት ያሰማል። ከሰማዩ የሚለየው በጠባዩ ነው፤ የመብረቅ ጫጫታ ድንገት ፈንድቶ ያቆማል፤ የመንደሩ ግን ያለማቋረጥ ያጉረመርማል ወይም ይንሿሿል።

የትኛው እንደሚያጠቃን ለማወቅ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። በባትሪ የሚሠራ መቀበያ ይዘን በመጀመሪያ የራሳችንን ቤት ቆጣሪ እናጠፋለን። ጫጫታው ከጠፋ ጥፋተኛው ከቤታችን ውስጥ ነው፤ አምፑሉንና ቻርጀሩን አንድ በአንድ እየሰኩና እየነቀሉ ማግኘት ይቻላል። ካልጠፋ ደግሞ የመንደሩ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ ነው፤ ለዚህም በእኛ ከተሞች ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። መብራት በሄደ ጊዜ ሌላው ሰው ሻማ ሲፈልግ የራዲዮ አድማጭ ወደ መቀበያው መሮጥ አለበት። በዚያች ሰዓት የሚሰማው ጸጥታ ትክክለኛው የሰማይ ወለል ነው፤ መብራት ሲመጣ ከዚያ በላይ የተጨመረው ሁሉ የጎረቤት ነው። ይህን ፈተና ሳያደርግ ሽቦ የሚገዛ ሰው በጨለማ ገበያ እንደሚወጣ ሰው ነው።

ለመቱ ነዋሪዎች የሚመለከት ሦስተኛ ነገር አለ። በሞገድ ዝርዝር መጻሕፍት ላይ ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያ ራዲዮ መካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ የተመዘገበው የመቱው ጣቢያ ነው፤ ሞገዱ 684 ኪሎኸርዝ፣ ኃይሉም 100 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። ይህን የሚያህል ጣቢያ በአየር ላይ በሚሆንበት ሰዓት በከተማው ውስጥ ያለ ትንሽ መቀበያ በኃይሉ ተጨናንቆ ድምፁን በሌለበት ቦታ ሁሉ ያሰማል። 684ን በሁለት ብናባዛው 1,368፣ በሦስት ብናባዛው 2,052 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ ይህ የመጨረሻው ከ160 ሜትሩ መደብ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኝ ነው። መቀበያው ውስጥ ተፈጥሮ በነዚህ ቦታዎች የሚሰማ ድምፅ ቢኖር አያስገርምም። ስለዚህ በገበያ የሚሸጡትን፣ ማጉያ የተገጠመላቸውንና ሁሉን ሞገድ አንድ ላይ የሚያስገቡትን አጫጭር አንቴናዎች ለመቱ ሰው አንመክርም፤ ማጉያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጎላው ያንኑ ጎረቤት ጣቢያ ነውና። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎሬ ለተቀመጠ ነገሩ ይቀልለታል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በደሌ ላለው ግን ይህ ሐሳብ አይገባውም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ከቆርቆሮው ጣራ ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ምሰሶ የሚወጠረው የተለመደው ሽቦ ብዙ ጣቢያ ያሰማል፤ ግን ከሁሉ አቅጣጫ እኩል ይሰማል። ከዚህም በላይ ጫፉ ቀጥታ ወደ ቤት ገብቶ በመቀበያው ላይ ሲታሰር፣ የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ራሱ የአንቴናው ሌላ ክንፍ ይሆናል፤ የቻርጀሩም ጫጫታ በዚያ በኩል ይገባል። ይህን ሽቦ መተው የማይፈልግ ሰው ቢያንስ ሽቦውን ከቤቱ አርቆ ይጨርስና፣ በብረት ቱቦ መሬት አስይዞ፣ ከዚያ በዲሽ ገመድ ወደ ቤት ያስገባው። ይህ ብቻ ብዙ ልዩነት ያመጣል።

ለጠባብ ግቢ እኛ የምንመርጠው የቀለበት አንቴና ወይም ሉፕ የሚባለውን ነው። አሠራሩን ሁላችንም ሳናውቀው እናውቀዋለን። በትንሿ ትራንዚስተር ራዲዮ ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ፤ ራዲዮዋን ስናዞር አንዱ ጣቢያ የሚጠፋውና ሌላው ጎልቶ የሚወጣው ዘንጉ በጫፉ በኩል ስለማይሰማ ነው። ትልቁም ቀለበት እንደዚሁ ነው፤ በጠርዙ አቅጣጫ ይሰማል፣ በፊቱ አቅጣጫ ደንቆሮ ነው። መስኮት ብለን ብናስበው፣ መስኮቱ ፊት ለፊት የሚያየውን አይሰማም፣ በግድግዳው መስመር ግራና ቀኝ ያለውን ግን ይሰማል።

ለመሥራት ሁለት ቀጭን እንጨቶችን እንደ መስቀል አጋጥሞ፣ እያንዳንዱ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አራት ማዕዘን እንዲወጣው፣ በጫፎቹ ላይ ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ መጠምጠም ነው። ለ160 እና ለ80 ሜትር 4 ዙር ይበቃል፤ በዙሮቹ መካከል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ከአሮጌ ራዲዮ በሚወጣው፣ ጣቢያ መፈለጊያውን ስናዞር አብሮ በሚዞረው ኮንደንሰር ላይ ይታሰራሉ። ትልቁ መጠኑ ወደ 365 ፒኮፋራድ የሆነ ኮንደንሰር ከ1.8 እስከ 3.8 ሜጋኸርዝ ያለውን ያዳርሳል። ከዚያ በመስቀሉ ላይ ከነዚህ ዙሮች ጋር ሳይነካካ አንድ ዙር ብቻ ለብቻው ይዞርና ሁለቱ ጫፎቹ በዲሽ ገመድ ወደ መቀበያው ይሄዳሉ። መካከለኛውን ሞገድ ለመስማት የሚፈልግ ዙሩን ወደ 10 ወይም 12 ያሳድገው፤ ተራ ትራንዚስተር ላለው ሰው ደግሞ ገመድም አያስፈልገውም፤ ራዲዮውን ከቀለበቱ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል።

ይህ ቀለበት ከሽቦው ያነሰ ድምፅ ስለሚሰጥ በመጀመሪያው ምሽት ያሳዝናል። የመቀበያው መለኪያ መርፌ ዝቅ ብሎ የሚያይ ሰው አንቴናው የተበላሸ ይመስለዋል። መታየት ያለበት ግን ቃሉ ከጫጫታው ተለይቶ መሰማቱ ነው እንጂ መርፌው አይደለም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ኮንደንሰሩ በአንድ ጊዜ አንድ ጠባብ ሞገድ ብቻ ስለሚያስገባ የመቱውን 684 ከበሩ ላይ ይመልሰዋል።

የት በኩል ይዙር? እዚህ ላይ የኢሉባቦር አቀማመጥ መልካም ዕድል ይዞልናል። ከመቱ ተነሥቶ ሮማ ለመድረስ አቅጣጫው ከሰሜን ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ኒው ዮርክ ደግሞ በክቡ የምድር ፊት ላይ ሲለካ በትክክል ሰሜን ምዕራብ ነው። ቀለበቱን ጠርዙ ሰሜን ምዕራብና ደቡብ ምሥራቅ እንዲያይ ስናቆመው አውሮፓንና አሜሪካን ይሰማል፤ ደንቆሮው ፊቱም ያለ ምንም ተጨማሪ ድካም ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ኮንጎ ይሆናል። እርግጥ የኮንጎ ነጎድጓድ በአንድ ነጥብ ላይ የተተከለ አይደለም፤ በሰፊ አገር ተበትኖ፣ ከላይም ተንጸባርቆ ስለሚመጣ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ፍጹም የሆነ ድንቁርና የሚያሳየው በቅርብ ላለ አንድ ምንጭ፣ ለምሳሌ ለጎረቤት ኢንቨርተር ነው። ቢሆንም የጭረቱ መቀነስ በጆሮ ይታወቃል። ለሰዓቱ ያህል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አውሮፓ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ይጠበቃል፤ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት አይታሰብም።

ጃፓንን ለመስማት ለሚሻ ነገሩ ይከብዳል። ቶኪዮ ከመቱ በሰሜን ምሥራቅ ናት። ቀለበቱን ወደዚያ ስናዞረው ሌላኛው ጠርዙ በቀጥታ ኮንጎን ያያል፤ ጠርዝና ጠርዙም እኩል ይሰማሉ። የሁለቱ አገሮች ሌሊት የሚገጥመውም ከእኛ የፀሐይ መጥለቂያ እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ ማለት የኮንጎ ነጎድጓድ ገና ባልበረደበት ሰዓት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፊት ብቻ ሰምቶ ከኋላ የሚደነቁር አንቴና ነው። ጌሪ ብሪድ የተባለው አሜሪካዊ አማተር በ1989 ዓ.ም. ያወጣው፣ በጥሪ ስሙ ኬ-9-ኤ-ዋይ ተብሎ የሚታወቀው ቀለበት ይህን ያደርጋል። 26 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከ7 ሜትር ተኩል ምሰሶ ጫፍ ላይ ይሰቀላል፤ ሁለቱ ጎኖቹ ከምሰሶው ግራና ቀኝ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ተኩል ያህል ተዘርግተው ወደ ምሰሶው ሥር ይመለሳሉ። ሥሩ ላይ አንደኛው ጫፍ በ400 ወይም በ500 ኦም ሬዚስተር በኩል መሬት ይይዛል፤ ሌላኛው በትራንስፎርመር በኩል ወደ ገመዱ ይገባል። ሁለቱን ጫፎች ስናለዋውጣቸው የሚሰማው አቅጣጫ ይገለበጣል። ቦታው 9 ሜትር ርዝመት ብቻ ነው፤ የጎመን መደብ ያለው ግቢ ይችለዋል። ምሰሶውም ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ሥሩ ግን ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባ።

ትራንስፎርመሩን ማንም ሰው በእጁ ይሠራዋል። ከተጣለ የኮምፒውተር የኃይል ሣጥን ውስጥ፣ በመብራቱ መግቢያ በኩል የሚገኘውን ጥቁር ወይም አረንጓዴ ቀለበት አውጥቶ፣ በአንቴናው በኩል 5 ዙር፣ በዲሽ ገመዱ በኩል 2 ዙር መጠምጠም ነው። የዙሮቹ ልክ በራሱ ሲባዛ 25 ለ4፣ ማለት 6 ለ1 ያህል ስለሚሆን 450 ኦሙን ከዲሽ ገመዱ 75 ኦም ጋር ያስማማዋል። በዚያው ሣጥን ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለበት ግን ሌላ ዐይነት ብረት ነውና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቤተ ሰቦቻቸው ከከተማ ወጣ ብሎ የቡና መሬት ያላቸው ጓደኞቻችን ደግሞ ከሁላችን የታደሉ ናቸው። ሃሮልድ ቤቨሬጅ የተባለው መሐንዲስ ያወጣው ረጅም ዝቅተኛ ሽቦ ከ160 ሜትር ጀምሮ የሚዘረጋ፣ ከመሬት ግን ከ2 እስከ 3 ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ነው፤ በሩቁ ጫፍ 450 ኦም ያህል ሬዚስተር ይዞ መሬት ይገባል፤ የሚሰማውም ወደዚያ ጫፍ አቅጣጫ ነው። ፖል ጎድሊ የሚባለው አሜሪካዊ በ1914 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ዘንድ ታኅሣሥ 1921) ስኮትላንድ ውስጥ አርድሮሳን ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ድንኳን ተክሎ፣ 400 ሜትር የሚሆን እንዲህ ያለ ሽቦ ዘርግቶ፣ የአገሩን አማተሮች ከአትላንቲክ ማዶ የሰማው በዚህ ነው። ሽቦው የሚሠራው መሬቱ ኤሌክትሪክን ደኅና አድርጎ ስለማያስተላልፍ ነው፤ ስለዚህ ረግረጉን ትቶ ደረቁን ተረተር መምረጥ ነው። የቡና ጥላ ዛፎች ምሰሶ ይሆናሉ። ሸክም የተሸከመ ሰው በሥሩ ማለፍ እንዲችል 3 ሜትሩን አለማጉደል ነው፤ ጉሬዛዎች ሐረግ መስሏቸው ቢንጠለጠሉበት ግን መላ የለንም። የሽቦ ሌባ የሚያሰጋው ደግሞ 60 ሜትር ያህል ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ በመሬት ላይ አስተኝቶ በቅጠል ይሸፍነው፤ ድምፁ እጅግ ይቀንሳል፤ አቅጣጫ መለየቱ ግን አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ለመሞከር የሚመቸው ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። የዕረፍት ጊዜያቸው ክረምት ላይ የሚውልባቸው ጓደኞች ቀለበቱን ጠምጥመው፣ የመብራቱንም ፈተና ጨርሰው ቢቆዩ መልካም ነው። ከቤት ውጭ የተዘረጋ ሽቦ ሁሉ፣ የተኛውም ቢሆን፣ ደመና ሲጠቁር ከመቀበያው ተነቅሎ ጫፉ ከቤት ውጭ መሬት ከያዘው ቱቦ ጋር መታሰር አለበት፤ የሚነቀለውም ነጎድጓዱ ከመሰማቱ በፊት ነው፤ ከተሰማ በኋላ ገመዱን በእጅ መንካት አይገባም። የሁለቱ ክንድ የእንጨት ቀለበት በቤት ውስጥ የሚቆም ስለ ሆነ ይህ ሥጋት የለበትም፤ በአልጋና በግድግዳ መካከል ያድራል።